ከአቦል በኋላ ማን ታንብብልን?

በደባርቅ ወይም በዳባት የምትኖሩ ከሆነ ከሰሜን ተራሮች የሚወርደውን የማታ ብርድ ታውቁታላችሁ። ጋቢ ተደርቦ፣ ከሰል ተከቦ፣ ቡናው እስኪፈላ ወሬው ይደራል። ከዚያ ወሬ ላይ ግማሽ ሰዓት ለመጽሐፍ ብትቀንሱለትስ?

«እኔ ማንበብ አልችልም» የምትል ጎረቤት አትጠፋም። ሐምሌ 1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ብዙ እናቶች ፊደል ቆጥረዋል፤ ዘመቻውም በ1972 ዓ.ም. ማብቂያ በዩኔስኮ በኩል ለዓለም አቀፍ ሽልማት በቅቷል። ይሁን እንጂ ፊደል እንደ ማጭድ ነው፤ ካልሠሩበት ይዝጋል። ከመማሪያው መጽሐፍ ሌላ እጇ ያልገባላት እናት ውሎ አድሮ ስሟን ከመጻፍ አታልፍም።

ስለዚህ አንዷ ድምጿን ከፍ አድርጋ ታንብብ፤ ሌሎቹ ጥጣቸውን እየፈተሉ ያዳምጡ። ልማዱ አዲስ አይደለም። የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ስንቱ ሰው ነው በዓይኑ ሳያነብ፣ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ሰምቶ በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን እንደ ዘመድ ያወቃቸው!

ለእናንተ ግን ከደጃችሁ የሚጀምር መጽሐፍ አለ። ከደባርቅ ባሻገር በጃናሞራ ያለችውን ደረስጌ ማርያምን የማያውቅ የለም። ደጃዝማች ውቤ ሊነግሡባት አሠሯት፤ የካቲት 1847 ዓ.ም. ውቤን ድል ያደረጉት ደጃዝማች ካሣ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡባት። የጎንደር ተወላጁ ብርሃኑ ዘሪሁን ስለ እኚሁ ንጉሥ «የቴዎድሮስ እንባ»ን ጻፈ። ጎጃሜው አቤ ጉበኛ ደግሞ «አንድ ለእናቱ» አለ። የኮሶ ሻጭ ልጅ ተብለው የተሰደቡት ንጉሥ ናቸው እንግዲህ። ኮሶውም ከእናንተው ደጋ የሚበቅል ዛፍ ነው፤ የእናት ድህነት እንዴት ስድብ እንደሚሆን ለእናንተ ማን ይነግራችኋል?

ሁለቱን ተራ በተራ አንብቡና የትኛው ቴዎድሮስ እንደሚበልጥባችሁ ተከራከሩ። ደራሲ የሚመረጠው በዚህ ነው፤ በዝናው ወይም በሽፋኑ ሥዕል አይደለም። ብርሃኑን የወደደች ወደ «ማዕበል» ሦስት መጻሕፍት ትሻገር። አቤን የመረጠች «አልወለድም»ን ትፈልግ። ገና ያልተወለደ ልጅ ከእናቱ ማኅፀን ሆኖ የሚሟገትበት መጽሐፍ ከእናቶች ጉባኤ ሌላ የት ይነበባል?

«ፍቅር እስከ መቃብር» ላይ ስትደርሱ ቡናው መቀዝቀዙ አይቀርም። ውድነሽ በጣሙ በዛብህን ለስለት ሰጠችው። መብቷ ነበረ? የልጁስ ዕድል? እኔ በበኩሌ እፈርድባት ዘንድ አንጀቴ እሺ አይለኝም፤ ከመካከላችሁ የሚፈርዱባት ግን አይጠፉም፤ ይናገሩ።

ሴት ደራሲ ለምን ቀረች የምትሉም ትክክል ናችሁ። በ1950 ዓ.ም. ለፓርላማ የተመረጡት የወይዘሮ ስንዱ ገብሩ «የልቤ መጽሐፍ» በ1942 ዓ.ም. የታተመ ነው። አሮጌ መጽሐፍ ነውና ከአስተማሪዎችና ከቤተ መጻሕፍት አጠያይቁ።

«ገንዘቡስ?» ትሉ ይሆናል። ዕቁብ መጣል ማን ያስተምራችኋል! በየወሩ ጥቂት ጥቂት አዋጥታችሁ ዕጣው የወጣላት ትግዛ። መጽሐፉ የእርሷ ይሆናል፤ ንባቡ የሁላችሁ። ጎንደር ለገበያ የሚሄድ ሰው ስታገኙም ከጨውና ከስኳሩ ጋር የመጽሐፉን ስም በወረቀት ጽፋችሁ ላኩበት። ሽፋኑን በጋዜጣ ለብጡት፤ የሕፃናት እጅና የወጥ ጠብታ ለመጽሐፍ አይራሩም።

ፊደል የረሳችው ጎረቤታችሁ ካነባቢዋ አጠገብ ትቀመጥ፤ ጣቷን በመስመሩ ላይ እያስኬደች ትከተል። ከሰነበተች አንድ አንቀጽ ስጧት፤ ብትንተባተብ አትሳቁባት።

አቦሉ ተጠጥቶ ንባቡ ይጀመር፣ በረካው ሲቀዳ የቆማችሁበት ገጽ ላይ ክር ይግባ። መጽሐፉን ወደ ቤቷ ወስዳ ሌሊቱን ብቻዋን የምትጨርስ ብትኖር ግን ፍጻሜውን ለማንም እንዳትናገር አስምሏት።