«እምቢ አለ» የሚባል ብልሽት የለም

አንዲት ቪትዝ ከአእምሮዬ አልወጣ ብላለች። ባለቤቷ በሌላ ባለሙያ «የምርመራ ማሽን አልቀበል ስላለች ኮምፒውተሯ ተቃጥሏል» ተብሎ፣ ከሶማሌ ተራ መለዋወጫ ገበያ ያገለገለ የሞተር ኮምፒውተር ገዝቶ በፌስታል አንጠልጥሎ መጣ። የምርመራ ኬብሌን ሰካሁ፤ ቴክስትሪም የሚባለው የቶዮታ መመርመሪያ ሶፍትዌር መኪናዋን አላገኛትም። ድራይቨሩን አጥፍቼ መልሼ ጫንኩ፣ ላፕቶፕ ቀየርኩ፣ ግማሽ ቀን አለቀ። ማታ ላይ ቴስተር ሳነሳ የመኪናዋ የምርመራ ሶኬት 16ኛ እግር ላይ ምንም ቮልት የለም። ጂፒኤስ የገጠመላት ሰው ፖዘቲቩን ከዚያው ሽቦ ቀጥሎ ኖሯል፤ 7.5 አምፔሩ ፊውዝ ተቃጥሏል። የኬብሌ መብራት ከላፕቶፑ ዩኤስቢ ስለሚበራ ደህና መስሎ ሸወደኝ።

የሚያናድደኝ ፊውዙ አይደለም። ባለቤቷ መኪናዋን እየነዳ ነው የመጣው! ኮምፒውተሩ የተቃጠለ ሞተር እንዴት አድርጎ ቤንዚን ይረጫል? ይህን ያልጠየቀው የመጀመሪያው ባለሙያ ብቻ አይደለም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

«ማሽኑ እምቢ አለ» የሚሉት አነጋገር ነው ያጠፋን። ማሽን አያኮርፍም። መንገዱ አንድ ቦታ ተቆርጧል፤ የተቆረጠበት ቦታ ደግሞ ይለካል። ላፕቶፑ ኬብሉን ካላወቀው ነገሩ የድራይቨር ነው፣ መኪናዋን አትንኳት። ካወቀው ላፕቶፑን ተዉትና ወደ ሶኬቱ ውረዱ። 16 ላይ የባትሪ ቮልት፣ 4 እና 5 ላይ ኔጌቲቭ መኖር አለበት። ካን የሚባለው የመገናኛ መስመር ያላት መኪና ከሆነች ባትሪ ፈትታችሁ በ6 እና በ14 መካከል ኦም ለኩ። 60 አካባቢ ካነበበ ዋናው መስመር አልተቆረጠም፤ ሁለት 120 ኦም ሬዚስተሮች ጎን ለጎን ሲሆኑ የሚሰጡት ነውና። 120 ካነበበ አንዱ ጫፍ ተቆርጧል፤ ወደ ዜሮ ከወረደ ሁለቱ ሽቦዎች ተነካክተዋል። ይህ ሁሉ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ከዚህ በፊት «ኮምፒውተር ቀይር» የሚል ባለሙያ በሰው ኪስ ቁማር እየተጫወተ ነው።

ሌላው የሰለቸኝ «ሶኬቱ ከገባ ይሠራል» የሚለው እምነት ነው። ባለ 16 እግሩ ሶኬት አንድ ነው፤ ቋንቋው ግን አንድ አይደለም። አሜሪካ ኦቢዲ 2 የሚባለውን የምርመራ ደረጃ ያስገደደችው ከ1996 ሞዴል ጀምሮ ነው፣ አውሮፓ ለቤንዚን መኪና በ2001። ለጃፓን ገበያ የተሠራች አሮጌ መኪና ሶኬቱን ይዛ በራሷ ቋንቋ ልታወራ ትችላለች። በስልክ የሚሠራው ርካሽ ማንበቢያ ኤልም 327 ስላላነበባት ብቻ ተበላሽታለች አይባልም። እንዲያውም «ስሪት 1.5» ተብሎ የሚሸጠውን የመጀመሪያው አምራች ጭራሽ አውጥቶት አያውቅም። በብዙ አሮጌ ቶዮታዎች 4ን እና 13ን በትንሽ ሽቦ አገናኝታችሁ ቁልፍ ብትከፍቱ የቼክ ኢንጂን መብራቱ ራሱ ብልጭ ድርግም እያለ ኮዱን ይቆጥርላችኋል፤ ያለ ላፕቶፕ፣ ያለ ሶፍትዌር።

በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የሚመጡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ነገሩን አባብሰውታል። ሶኬቱ አላቸው፤ ለሞተር ጭስ ቁጥጥር የተሠራው ተራ ማንበቢያ ግን ጭስ ከሌላት መኪና የሚጠይቀው ብዙ ነገር የለውም። ያኔም «እምቢ አለ» ይባላል።

ጋራዤ ውስጥ ይህን ቃል ከልክያለሁ። ልጆቹ «እምቢ አለ» ሲሉኝ የምመልሰው «የትኛው እግር? ስንት ቮልት?» ብዬ ነው። እነሱ እየለመዱት ነው። ደንበኛውን ማሳመን ግን አልቻልኩም፤ በቴስተር ለክቼ ፊውዝ ቀይሬ የሥራዬን ስጠይቅ «ኮምፒውተር እንኳ ሳታደርግልኝ?» ይለኛል።