ዝምታም ዓይነት አለው፦ ከሩቅ ኮምፒውተር የሚደረግ ጥሪ ድምፁ የሚጠፋው የት ነው?

የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በ2014 ዓ.ም. ሲመሠረት መቀመጫውን በአንድ ከተማ አልሰበሰበም፤ ቦንጋ፣ ታርጫ፣ ሚዛን አማንና ቴፒ ተካፍለውታል። ለክልሉ የወረዳ ባለሙያ እንግዲህ የኢንተርኔት ስብሰባ ቅንጦት ሳይሆን የመንገድ ማሳጠሪያ ነው። ነገሩ የሚወሳሰበው የሥራው ፕሮግራም አዲስ አበባ ባለ ሰርቨር ላይ ሆኖ፣ ባለሙያው በሪሞት ዴስክቶፕ ገብቶ ጥሪውንም ከዚያው ሲያደርግ ነው። ያን ጊዜ ጥሪውን የሚያካሂደው ሩቅ ያለው ማሽን ነው፤ አፍና ጆሮ ግን ወረዳው ውስጥ ናቸው። የማይኩ ድምፅ ወደ ሰርቨሩ መሄድ፣ የተጠሪው ድምፅም ከሰርቨሩ ወደዚህ መመለስ አለበት። አንዱ ሲጠፋ ቀድሞ የሚወቀሰው ኔትወርኩ ነው። ይህ ወቀሳ ብዙ ጊዜ ቦታውን የሳተ ይመስለኛል፤ የዝምታውን ዓይነት ያየ ሰው ብልሽቱ ያለበትን ቦታ ያገኛል።

ከሁሉ ይልቅ ብዙ የሚናገረው «እኔ እሰማቸዋለሁ፣ እነሱ አይሰሙኝም» የሚለው አቤቱታ ነው። የዊንዶውስ ሪሞት ዴስክቶፕ ሁለቱን አቅጣጫዎች ለየብቻ ያስተናግዳል፦ የሩቁ ኮምፒውተር ድምፅ እዚህ እንዲሰማ ከመጀመሪያው ተፈቅዷል፤ የዚህኛው ማይክ ወደዚያ እንዲሻገር ግን ተጠቃሚው ካልመረጠ አይፈቀድም። ስለዚህ ግማሽ ዝምታው ብልሽት ሳይሆን ማንም ያልነካው ሴቲንግ ሊሆን ይችላል። ምርጫው የሚደረገው ከመገናኘት በፊት ስለሆነ ወጥቶ እንደገና መግባት ያስፈልጋል። ይህም ተደርጎ ካልተሰማ፣ የሰርቨሩ አስተዳዳሪ ማይክን ከልክሎ፣ ወይም የጥሪ ፕሮግራሙ «ሪሞት ኦዲዮ» የሚለውን ትቶ ሌላ ማይክ ይዞ ይሆናል። ይህን ለመለየት ማንንም መጥራት አያሻም። ድምፅን መጀመሪያ ከፊት ባለው ኮምፒውተር፣ ቀጥሎ በሪሞቱ መስኮት ውስጥ ቀድቶ ማዳመጥ ነው። የመጀመሪያው እምቢ ካለ ችግሩ ማይኩ ወይም ፈቃዱ ነው፤ ሁለተኛው ብቻ እምቢ ካለ ማሻገሩ ነው፤ ሁለቱም ከሠሩ ማሻገሩን ትቶ ጥሪውን መመርመር ይገባል። ተጠሪው እዚህ ፈጽሞ የማይሰማ ከሆነ ደግሞ ድምፁ «በሩቁ ኮምፒውተር ይሰማ» ተብሎ ተመርጦ እንደሆነ ማየት ነው፤ እንዲያ ከሆነ ምስኪኑ ሰው ሰው በሌለበት የሰርቨር ክፍል ብቻውን ያወራል።

የእኛ መስመር በእርግጥ ይደክማል የሚል ተቃውሞ ይነሣል፤ እውነትም ነው። ነገር ግን የስልክ ጥራት ያለው ድምፅ በሴኮንድ 8000 ጊዜ እየተለካ በ64 ኪሎ ቢት ይላካል፤ የፓኬቶቹ መጠቅለያ ሲታከልበት ወደ 80 ይደርሳል። የስክሪኑ ምስል ያለችግር እየተንቀሳቀሰ ድምፅ ብቻ ጭራሹን ከጠፋ፣ የጎደለው የመስመር አቅም ነው ለማለት ይከብዳል። የደከመ መስመር ድምፅን ያቆራርጣል፣ ያዘገያል፣ ጠዋት ደህና የነበረውን ከሰዓት ያበላሻል። ወረዳኔት የተባለው የመንግሥት ኔትወርክ ወረዳዎችን በሳተላይት ሲያገናኝ ሳተላይቱ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቅ ስለነበር የአንድ አቅጣጫ ጉዞ ብቻ ሩብ ሴኮንድ ያህል ይፈጅ ነበር፤ ተነጋጋሪዎች ቃል ይሻሙ ይሆናል እንጂ ድምፅ በዚህ ምክንያት አይጠፋም። ስልኩ ጠርቶ፣ ተነሥቶ፣ ከዚያ ወዲያ ዝም ካለ ደግሞ የሚጠረጠረው ፋየርዎል ነው፤ የጥሪው ምልክትና ድምፁ በተለያየ በር ስለሚያልፉ አንዱ ተፈቅዶ ሌላው ሊታገድ ይችላል።

«ታዲያ ለምን ይህ ሁሉ ጣጣ? ከፊት ካለው ኮምፒውተር አይደወልም?» ለሚል፣ መልሴ ከተቻለ ይደወል ነው። ቴፒና ሚዛን የሚራራቁት 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በሰርቨር በኩል ሲያወሩ ግን ድምፁ አዲስ አበባ ደርሶ ይመለሳል። ለተመቸ ንግግር የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት የሚመክረው መዘግየት በአንድ አቅጣጫ ከ150 ሚሊ ሴኮንድ እንዳይበልጥ ነው፤ እያንዳንዱ ዙር ከዚህ ላይ ይቀንሳል። እንደ ቲምስ ያሉ ፕሮግራሞችም መስኮቱ ከሰርቨር እየታየ ድምፁ ከተጠቃሚው ማሽን በቀጥታ የሚሄድበትን ዘዴ አበጅተዋል። የጥሪ ፕሮግራም መሸከም የማይችል አሮጌ ማሽን የያዘ ቢሮ ግን ማሻገሩን መተው አይችልም። እሱ ካሜራውን ዘግቶ ስፒከሩን በኢርፎን ቢተካ፣ ቢያንስ የተጠሪው ድምፅ በማይኩ ተመልሶ ገብቶ አያስተጋባም።