የ12ኛ ክፍል ፈተና የሚወደቀው ከ12ኛ ክፍል በፊት ነው

በየዓመቱ የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲወጣ ሁላችንም እንደነግጣለን፤ ወር ሳይሞላም እንረሳዋለን። ዛሬ ድንጋጤውን ትተን ምክንያቱን እንመልከት።

በ2008 ዓ.ም. ፈተናው ሾልኮ ወጥቶ እስከ መሰረዝ መድረሱን ታስታውሳላችሁ። ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ በጥብቅ ቁጥጥር እንዲፈተኑ ተደረገ። በዚያ ዓመት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነ። መሻሻል አለ፤ ቢሆንም ከ100 ተፈታኝ ከ90 የሚበልጠው አሁንም ከግማሽ በታች ነው። በ2015 ዓ.ም. ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም።

ቁጥጥሩ ኩረጃን ቀነሰ እንጂ ድክመቱን አልፈጠረውም። ድክመቱ ከየት መጣ?

አንደኛው ንባብ ነው። በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎች በተካሄደ የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ በሚማሩበት ቋንቋ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ 12ኛ ክፍል የሚደርሱት እንዲህ ካሉ ልጆች መካከል ናቸው።

ሁለተኛው የቋንቋ ዝላይ ነው። በአንዳንዱ ክልል እስከ 8ኛ፣ በሌላው እስከ 6ኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ወይም በአካባቢው ቋንቋ የተማረ ልጅ በድንገት ፊዚክሱንም ታሪኩንም በእንግሊዝኛ ይማራል። መምህሩም ራሱ በቋንቋው የሚቸገርበት ጊዜ አለ። ያኔ ተማሪው ትርጉሙን ሳይረዳ ይሸመድዳል። ሽምደዳ ለክፍል ፈተና ይበቃ ይሆናል፤ ጥያቄው ተለውጦ ሲመጣ ግን አይሠራም።

ሦስተኛው ትምህርት ቤቱና ቤቱ ነው። ቤተ ሙከራ በሌለበት ኬሚስትሪ የሚማር፣ ለብዙ ሆነው አንድ መጽሐፍ የሚካፈሉ፣ ከትምህርት ሲመለስ ከብት የሚጠብቅ ወይም ውሃ የምትቀዳ ልጅ፣ በአዲስ አበባ ጥሩ የግል ትምህርት ቤት ከሚማር እኩያው ጋር አንድ ወረቀት ይፈተናል። በዚህ ላይ ጦርነት ሲጨመር አስቡት። በትግራይ ትምህርት ለዓመታት ተቋርጧል፤ በአማራ ክልልም ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል።

መንግሥት ከግማሽ በታች ላመጡ የተወሰኑ ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲ የማካካሻ ትምህርት ጀምሯል። በጎ ነው። ነገር ግን የአሥራ ሁለት ዓመት ክፍተት በጥቂት ወራት አይሞላም።

ታዲያ እኛ ምን እናድርግ? ከዋሽንግተን፣ ከለንደን ወይም ከሪያድ ለታናሽ ወንድም፣ ለእህት ልጅ የምንልከው ብር ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ልጁ 12ኛ ክፍል ከገባ በኋላ፣ ለማጠናከሪያ ትምህርት ነው። ያ ዘግይቷል። ያው ገንዘብ ልጁ 3ኛና 4ኛ ክፍል ሳለ የንባብ መጽሐፍ ቢገዛ፣ እንግሊዝኛ የማስተማሪያ ቋንቋ ከመሆኑ አንድ ዓመት በፊት የቋንቋ አስጠኚ ቢቀጥር ይበልጥ ይጠቅማል።

በስልክም «ትምህርት እንዴት ነው?» ስትሉ መልሱ «ጥሩ ነው» ነው። ከዚያ ይልቅ ከሳይንስ መጽሐፉ አንድ አንቀጽ ያንብብላችሁ፤ ቀጥሎ ያነበበውን በራሱ ቋንቋ ያስረዳችሁ። ካስረዳ በርቱ በሉት። አንብቦ ዝም ካለ ግን ክፍተቱን አገኛችሁት ማለት ነው፤ 9ኛ ክፍል ከሆነ ገና ሦስት ዓመት አለው። ዛሬ ማታ ስትደውሉ ሞክሩት።