የወረዳው ምክር ቤትና የመራጩ ድምፅ

ድሬ ጠያራ ከሐረሪ ክልል ዘጠኝ ወረዳዎች አንዱ ነው፤ ከኤረርና ከሶፊ ጋር የክልሉን ገጠር ይይዛል። የወረዳ ምክር ቤት የዕለት ሥራ ዜና አይሆንም፦ በጀት ያጸድቃል፣ የአስተዳዳሪውን ሪፖርት ያዳምጣል፣ ስለ ውኃ፣ ስለ መንገድና ስለ ጤና ኬላ ይጠይቃል። ጥያቄው ክብደት የሚኖረው ግን ጠያቂው ነገ መራጩ ፊት እንደሚቆም ሲያውቅ ነው። የቀበሌና የወረዳ ምርጫ በ2005 ዓ.ም. ተካሄደ፤ በ2010 የሚጠበቀው ተራዘመ። የሐረሪ ሕዝብ መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ድምፅ የሰጠውም ለክልልና ለፌዴራል ምክር ቤቶች ነበር። ሕገ መንግሥቱ ግን በአንቀጽ 50(4) ሕዝብ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛው እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዛል።

«ገንዘቡ ከክልል ይመጣል፤ ወረዳው ምን የሚወስነው አለ?» የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው፣ የራሱ ገቢ ጠባብ ነው። ነገር ግን ብሩ ሲያንስ የቅደም ተከተሉ ውሳኔ ይከብዳል፤ የተበላሸው የውኃ ፓምፕ ይቅደም ወይስ የትምህርት ቤቱ ጣሪያ? ይህን ከነዋሪው የተሻለ የሚያውቅ የለም። ሽማግሌዎች ይበቃሉ ለሚሉም መልሱ ቅርብ ነው፦ ሽማግሌ የተጣላን ያስታርቃል፤ የወረዳውን ሒሳብ የመመርመር ሥልጣን ግን የለውም።