ከአስፋልት ላይ የሚታጠበው ደለል

የክረምቱ የመጀመሪያ ዝናብ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ ሲወርድ በመንገድ ዳር የሚፈሰውን ጎርፍ ቆም ብለን ብንመለከተው መልኩ የጠቆረ፣ በላዩም የዘይት ወዝ የሚንሳፈፍበት ሆኖ እናገኘዋለን። እየቆየ በዚያው ቦይ የሚወርደው ውሃ ግን ቀለል ያለ መልክ ይይዛል። ልዩነቱ ከየት መጣ? መልሱ በበጋው ወራት በአስፋልቱ ላይ ሲጠራቀም በከረመው ብናኝ ውስጥ ይገኛል።

በመንገድ ላይ የሚጠራቀመው ምንድን ነው?

የመንገድ ብናኝ ተራ አፈር ብቻ አይደለም። ከፊሉ ነፋስና ተሽከርካሪ ያመጡት አሸዋና ጭቃ ሲሆን፣ ከፊሉ ግን ተሽከርካሪዎች ራሳቸው የሚያራግፉት ነው። የመኪና ጎማ ከአስፋልት ጋር በተፋተገ ቁጥር ይላጣል፤ በፋብሪካ የተጨመረበት የዚንክ ውሁድም አብሮት ይራገፋል። ከፍሬን ሸራ መዳብና ብረት፣ ከጭስ ማውጫ ጥላሸት፣ ከሞተር የሚንጠባጠብ ዘይት ይታከልበታል። እርሳስ የተቀላቀለበት የመኪና ቤንዚን በመላው ዓለም ከገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2021 ቢሆንም፣ እርሳስ የማይበሰብስ ንጥረ ነገር በመሆኑ ቀድሞ በመንገድ ዳር አፈር ላይ ያረፈው ዛሬም አልጠፋም።

አስፋልት ውሃን አያሰርግም። ስለዚህ የወራቱ ጥርቅም በመጀመሪያዎቹ ዝናቦች በአንድ ጊዜ ታጥቦ ይወርዳል።

አነስተኛው ቅንጣት ለምን ብዙ ይሸከማል?

እያንዳንዱ ጎኑ 1 ሚሊ ሜትር የሆነ ኩብ እናስብ። የገጹ ስፋት 6 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው። ይህንኑ ኩብ ጎናቸው 0.01 ሚሊ ሜትር ወደሆነ ኩቦች ብንከፋፍለው 1 ሚሊዮን ቅንጣቶች እናገኛለን፤ የገጻቸው ስፋት ድምር 600 ካሬ ሚሊ ሜትር ይሆናል። ክብደቱ ሳይለወጥ ገጹ 100 እጥፍ ሰፋ ማለት ነው። ብረታ ብረትና ዘይት የሚጣበቁት በገጽ ላይ ስለሆነ፣ በእኩል ክብደት ሲታይ ከሻካራው አሸዋ ይልቅ የደቀቀው ብናኝ ብዙ ብክለት ይሸከማል። ከዚህም በላይ የሸክላ አፈር ቅንጣቶች አሉታዊ ሙል ስላላቸው አዎንታዊ ሙል ያላቸውን የብረት አዮኖች ወደ ራሳቸው ይስባሉ።

ችግሩ በዚህ አያበቃም። እ.ኤ.አ. በ1851 ጆርጅ ስቶክስ እንዳሳየው፣ አንድ ደቃቅ ቅንጣት በውሃ ውስጥ የሚሰምጥበት ፍጥነት ከዲያሜትሩ ስኩዌር ጋር ይመጣጠናል። በዚህ ሕግ ስናሰላ፣ 0.1 ሚሊ ሜትር የሆነ የአሸዋ ቅንጣት በረጋ ውሃ ውስጥ 1 ሜትር ለመስመጥ 2 ደቂቃ ያህል ይበቃዋል። 0.01 ሚሊ ሜትር የሆነው 3 ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። 0.001 ሚሊ ሜትር የሆነው ግን ወደ 13 ቀን ይወስድበታል።

እንግዲህ በቦዩ ውስጥ ቀርቶ በአካፋ የሚዛቀው አሸዋ ብዙ ብክለት ያልያዘው ክፍል ነው። ብዙ የተሸከመው ደቃቁ ብናኝ ከጎርፉ ጋር ወደ ትንሹና ወደ ትልቁ አቃቂ፣ ከዚያም ወደ አባ ሳሙኤል ግድብና ወደ አዋሽ ይጓዛል። እነዚህን ወንዞች የሚበክለው የመንገድ ጎርፍ ብቻ አይደለም፤ የፋብሪካና የመኖሪያ ቤት ፍሳሽም አለበት። ይሁን እንጂ በአቃቂ ወንዞች ውሃ ለከተማው ገበያ የሚቀርብ አትክልት ስለሚለማ፣ ከመንገድ የታጠበው ነገር ተመልሶ ወደ ማዕዳችን የሚመጣበት መንገድ ክፍት ነው።

ብናኙ ተሸካሚ ብቻ ሳይሆን ራሱም የመርዝ ምንጭ ሊሆን ይችላል። በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ በሲያትል አካባቢ ባሉ ጅረቶች ኮሆ የተባለው የሳልመን ዓሣ ከዝናብ በኋላ እንቁላሉን ሳይጥል በብዛት ይሞት ነበር። ምክንያቱ ለዓመታት ሳይታወቅ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ተመራማሪዎች መርዙን ለይተው አወጡት። ጎማ በኦዞን እንዳይሰነጣጠቅ ከሚጨመርበት ኬሚካል የሚፈጠር ውሁድ ሆኖ ተገኘ።

ምን ማድረግ ይቻላል?

በመጀመሪያ ብናኙን ዝናቡ ሳይቀድመን ማንሳት ይገባል። ጠርጎ ወደ ቦይ መጨመር ግን ብክለቱን ወደ ወንዙ ማቅረብ እንጂ ማጽዳት አይደለም። ሁለተኛው መፍትሔ ለጎርፉ ጊዜ መስጠት ነው። ውሃው ወደ ወንዝ ከመግባቱ በፊት በማጠራቀሚያ ኩሬ ቢረጋ ወይም ሣር በበቀለበት ዝቅተኛ ቦታ ቀስ ብሎ ቢያልፍ፣ ከደቃቁ ብናኝ ብዙው እዚያው ይቀራል። በኩሬው የሚጠራቀመው ደለል በየጊዜው መነሳት አለበት፤ ለአትክልት ማሳ ማዳበሪያ ግን መሆን የለበትም።

ተማሪዎች ነገሩን ራሳቸው ሊያዩት ይችላሉ። ጓንት አድርገው ከመጀመሪያው የክረምት ዝናብ ጎርፍ በአንድ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይቅዱ፤ በጥብቅ ከድነው በደንብ ይነቅንቁትና ያስቀምጡት። አሸዋው ወዲያው ከሥር ይተኛል። ላዩ ግን በማግስቱም ደፍርሶ ሊገኝ ይችላል። ወደ ወንዞቻችን የሚጓዘው ያ ድፍርስ ነው።