የኮምፒዩተር ጥበቃና የመሪዎች ኃላፊነት

በየመሥሪያ ቤቱና በየድርጅቱ መዝገብ በኮምፒዩተር፣ ጥሬ ገንዘብም በእጅ ስልክ በሚፈጸም ክፍያ እየተተካ መምጣቱ የታወቀ ነው። ይህ የአሠራር ለውጥ ሥራን እንደሚያቀላጥፍ አያጠያይቅም። ይሁን እንጂ አብሮት የሚነሣ መሠረታዊ ጥያቄ አለ። ይኸውም በኮምፒዩተር የተቀመጠውን የሕዝብ መረጃ ከጥቃት የመጠበቁ ኃላፊነት የማን ነው? የሚለው ነው። አንዳንድ የሥራ መሪዎች «የባለሙያው ጉዳይ ነው» ብለው ያልፉታል። የዚህን አመለካከት ስሕተት ለመረዳት አንድ ተጨባጭ ሁኔታ እንመርምር።

ሰኔ 20 ቀን 2009 ዓ.ም. ኖትፔትያ የተባለው አጥፊ ፕሮግራም፣ በዩክሬን ለሂሳብ ሥራ በሚያገለግል ሶፍትዌር አማካይነት ተሠራጭቶ ታላቁን የዴንማርክ የመርከብ ድርጅት ሜርስክን መታ። በልዩ ልዩ አገሮች የሚገኙ የወደብ ጣቢያዎቹ ሥራቸው ተስተጓጎለ። ድርጅቱ 4,000 ሰርቨሮችንና 45,000 ኮምፒዩተሮችን በ10 ቀናት ውስጥ እንደ አዲስ ለማደራጀት ተገደደ። ጉዳቱም ከ250 እስከ 300 ሚሊዮን ዶላር ተገመተ። የሠራተኞችን የመግቢያ ፈቃድ የሚቆጣጠሩት ሰርቨሮች ሁሉ ሲጠፉ፣ በጋና የነበረው አንዱ ብቻ ተረፈ። የተረፈውም በጥበቃ ብርታት ሳይሆን መብራት ጠፍቶ ከመስመር ውጭ ስለነበረ ነው።

ለመሆኑ የጥፋቱ ምንጭ የዕውቀት ማነስ ነበርን? አልነበረም። በኋላ በወጡ ዘገባዎች እንደተገለጸው፣ ባለሙያዎች አደጋውን አስቀድመው ጠቁመው ነበር፤ የማሻሻያ ዕቅዱም ጸድቆ በጀት ተመድቦለት ነበር። ዳሩ ግን የዕቅዱ መፈጸም የበላይ ኃላፊዎች የሥራ ውጤት ከሚመዘንባቸውና ጉርሻ ከሚያገኙባቸው ነጥቦች አንዱ ስላልነበረ በወረቀት ላይ ቀረ። ስለዚህ ጉድለቱ በዋነኛነት የአመራር ጉድለት ነበር።

ይህ በአንድ ድርጅት ብቻ የታየ አይደለም። በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ኮሎኒያል የተባለው የአሜሪካ ነዳጅ አስተላላፊ ድርጅት ለቀናት ሥራውን ያቆመው፣ አጥቂዎች በአንድ የይለፍ ቃል ብቻ በሚከፈትና ሁለተኛ ማረጋገጫ በሌለው የቆየ መግቢያ በኩል ስለገቡ ነበር። ድርጅቱ 4.4 ሚሊዮን ዶላር ያህል ለአጥቂዎቹ ከፍሏል።

እንግዲህ ከመሪው ምን ይጠበቃል? ከሁሉ አስቀድሞ የመረጃው መጠባበቂያ ቅጂ ከመስመር ተለይቶ መቀመጡን፣ ተመልሶ መሥራቱም በየጊዜው መሞከሩን ማረጋገጥ አለበት። ከሥራ የተሰናበተ ሰው የመግቢያ ፈቃድ በዕለቱ እንዲዘጋ፣ የሶፍትዌር ማሻሻያም ሳይውል ሳያድር እንዲጫን ማድረግ ይገባዋል። ከዚህም በላይ አጠራጣሪ መልእክት በስሕተት የከፈተ ሠራተኛ ቅጣት ፈርቶ እንዳይደብቅ፣ ወዲያውኑ የሚያስታውቅበትን ሁኔታ ማመቻቸት ግዴታው ነው። በአገራችንም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰውን መረጃ የሚይዙ ድርጅቶችን ተጠያቂ አድርጓል።

ሠራተኛውና የየሠፈሩ ማኅበር አባልም ተመልካች ብቻ ሊሆን አይገባም። በስልክ ለሚጠይቅ ለማንም ቢሆን የምሥጢር ቁጥሩን አለመስጠት የመጀመሪያው ተግባር ነው። ሁለተኛው በስብሰባ ላይ «የመረጃችን መጠባበቂያ መቼ ተሞከረ? ኃላፊውስ ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው፤ ስሙና ሂሳቡ በመዝገቡ የሰፈረ ሰው ይህን የመጠየቅ መብት አለውና። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን፣ ጥያቄው ዛሬ ይነሣ፤ መሪዎችም ዛሬ ይመልሱ።