አይኮኖቹ የሚቀመጡበት ቦታ

ሪሳይክል ቢን ነጭ ወረቀት መስሎ ሲገኝ፣ ወይም የዴስክቶፑ አይኮኖች ሁሉ አንድ ዓይነት ሲሆኑ፣ ብዙ ሰው «ቫይረስ በላው» ብሎ ኮምፒውተሩን ተሸክሞ ጥገና ቤት ይሄዳል። እዚያ የሚሰጠው ፈጣን መልስ ብዙውን ጊዜ ፎርማት ነው። ይህን ያህል መሄድ ግን አያስፈልግም። ምስሉ ራሱ ከዊንዶውስ የሚጠፋው ከስንት አንዴ ነው፤ ብዙውን ጊዜ የተበላሸው ወደ ምስሉ የሚመራው አድራሻ ወይም የምስሉ ግልባጭ ነው።

የዊንዶውስ መደበኛ አይኮኖች አንድ በአንድ ተበታትነው አልተቀመጡም። በሲ ድራይቭ፣ ዊንዶውስ በሚለው ፎልደር ሥር፣ ሲስተም 32 ውስጥ ያሉ ዲኤልኤል የሚባሉ ፋይሎች በጅምላ ይዘዋቸዋል። አንጋፋው ሼል 32 ነው፤ ከ300 በላይ አይኮን አለው። ከቪስታ ጋር የመጣው ኢሜጅሬስ ደግሞ ዛሬ የምናያቸውን አብዛኞቹን ይዟል። እያንዳንዱ አይኮን ቁጥር አለው፤ ዊንዶውስም የሚመዘግበው የፋይሉን ስምና ያንን ቁጥር ብቻ ነው። ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ በወጡት የዊንዶውስ 10 ቅጂዎች ምስሎቹ ሲስተም ሪሶርስስ ወደሚባል ሌላ ፎልደር ተዛውረዋል። ስለዚህ ኢሜጅሬስን ብቻ ኮፒ አድርጎ የወሰደ ሰው ባዶውን ፋይል ይዞ ይቀራል።

እዚያው ሰፈር ሞሪኮንስ የሚባል ፋይልም አለ። እንደ ቱርቦ ፓስካል ላሉ የዶስ ዘመን ፕሮግራሞች የተሳሉ አይኮኖችን እስከ ዛሬ ተሸክሞ ይዞራል። ማንም አይጠቀምበትም፤ ለማየት ግን ደስ ይላል። በ1990 እ.ኤ.አ. ለወጣው ዊንዶውስ 3.0 ብዙዎቹን አይኮኖች የሳለችው ሱዛን ኬር ናት፤ ከዚያ በፊት የአፕል ማኪንቶሽን አይኮኖች 32 በ32 ነጥብ ባላት ጠባብ ሰሌዳ ላይ የሠራችው እሷው ነበረች።

ወደ ጥገናው እንመለስ። አይኮኑን የቀየረው ሰው ወይም ከኢንተርኔት የወረደ ቴም ከሆነ ሥራው ቀላል ነው። ዴስክቶፑ ላይ ራይት ክሊክ አድርጎ ፐርሰናላይዝ፣ ቴምስ፣ ከዚያ ዴስክቶፕ አይኮን ሴቲንግስ መግባት፤ የተበላሸውን መርጦ ሪስቶር ዲፎልት ማለት። ሪሳይክል ቢን ሁለት ምስል አለው፣ አንዱ ባዶ ሲሆን አንዱ ሲሞላ የሚታይ፤ ሁለቱንም መመለስ ያስፈልጋል። ቴሞች አይኮን እንዲቀይሩ የሚፈቅደውን ምልክት እዚያው ማንሳት ደግሞ ሌላ ጊዜ ከመድከም ያድናል። ለተራ ፎልደር መንገዱ ፕሮፐርቲስ፣ ከስተማይዝ፣ ቼንጅ አይኮን ነው።

ምንም ሳይነካ አይኮኑ ነጭ ከሆነ ግን ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የካሹ ነው። ዊንዶውስ ፍጥነት ለማግኘት የአይኮኖቹን ግልባጭ አይኮን ካሽ በሚሉ ፋይሎች ያስቀምጣል፤ ግልባጩ ሲበላሽ ዋናው ደህና ሆኖ ሳለ የሚታየው ብልሹው ነው። ፋይሎቹ የሚገኙት በተጠቃሚው የአፕዳታ ፎልደር፣ ሎካል፣ ማይክሮሶፍት፣ ዊንዶውስ፣ ኤክስፕሎረር ውስጥ ነው። ታስክ ማናጀር ላይ ኤክስፕሎረርን ዘግቶ እነዚህን የካሽ ፋይሎች ማጥፋት ነው፤ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ዊንዶውስ አዲስ ይሠራል።

እኛ አገር በደንብ የሚታወቀው የፍላሽ ችግር ከሁለቱም ይለያል። ፎልደሮቹ ሁሉ በግራ ታችኛው ጥጋቸው ትንሽ ቀስት ካወጡና መጠናቸው በጥቂት ኪሎባይት ከተወሰነ፣ የሚታዩት ቫይረሱ የፈጠራቸው ሾርትከቶች ናቸው። አይኮን መመለስ እዚህ አይረዳም፤ ደብል ክሊክ ማድረግ ደግሞ ቫይረሱን ማስነሳት ነው። እውነተኞቹ ፎልደሮች አልጠፉም፣ ተደብቀዋል። መጀመሪያ ፍላሹን በአንቲቫይረስ ማስፈተሽ፣ ቀጥሎ አትሪብ በሚባለው ትእዛዝ የተደበቁትን ማውጣት፣ በመጨረሻም ሾርትከቶቹን ማጥፋት ይሻላል። ፍላሹ የተሰካበት ኮምፒውተርም አብሮ ካልጸዳ ሾርትከቶቹ በሚቀጥለው ጊዜ ተመልሰው ይመጣሉ።